የእትዬ ጥሩንባ ስንኝ

የልብስ ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበራችን ኳየር የሚሰለፈው በቀጭንና በወፍራም ድምፅ ተለይቶ አይደለም፤ በሥራ ክፍል ነው። ፊት ኮሌታ ሰፊዎች፣ መሃል እጅጌ ገጣሚዎች፣ ከኋላ የሱሪ ጎን የሚሰፉት፣ ጠርዝ ላይ ልብስ ተኳሾች። የማያውቅ ሰው ይስቅብናል። እኛ ግን ከስፌት መኪናው ጋር ስለምንዘፍን ትንፋሽ የምንወስደው እግራችን ከፔዳሉ ሲነሳ ነው። ኮሌታ አጭር ስለሆነ የኛ ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል። የሱሪ ጎን የሚሰፉት አንዴ ከወገብ ከተነሱ ቁርጭምጭሚት ሳይደርሱ አይቆሙም፤ ረጅሙን ዜማ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ሥራ ላይ ማውራት ክልክል ነው። ዘፈኑን ግን አለቆቹ እጅ ያፈጥናል ብለው ተዉልን። ሞኞች! ማኅበሩን ያቋቋምነው በዚያው በዘፈን ነው። ሱፐርቫይዘሩ ራሱን እየነቀነቀ ሲያዳምጠን እኛ ስብሰባው የትና መቼ እንደሆነ በስንኝ እንነጋገር ነበር። ዛሬም ሊቀመንበሩ በየስብሰባው ተነስቶ «ድር ቢያብር» ሲል «አንበሳ ያስር!» ብለን ቶሎ እንጨርስለታለን፣ እንዲቀመጥ። ከዚያ እንዘፍናለን። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚመጣው ለዘፈኑ ነው።

ለዘፈኑ ስል ለአክስቴ ማለቴ ነው። ፋብሪካው በሙሉ እትዬ ጥሩንባ ይላታል። ያ ሁሉ ሞተር እየጮኸ ድምፅዋ ከዳር እዳር ይሰማ ነበር። እኔን ከራሷ ልጆች ጋር ያሳደገችኝ፣ ኮሌታ መስፋትም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ስሳሳት ጣቴን በመቀስ እጀታ እየመታች።

ጆሮዋ እንደሄደ ያወቅሁት ቤት ውስጥ ነው። በር ሲንኳኳ ዝም፣ ውሃው ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋው ዝም፣ ከጀርባዋ ስጠራት ዝም። በመጀመሪያ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ትከሻዋን ይዤ አዞርኳት።

«አትሰሚም እንዴ?»

አፌን አየችና ቁጭ አለች። «ቀስ በይ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

በዚያ ሁሉ ድንጋጤዬ መሃል ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ውሉን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «የጤና ጉድለት ያለበት ሠራተኛ ይሰናበታል ይላል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ልጆቹስ ትምህርታቸውን ትተው የት ይሂዱ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አደራሽን።»

እኔም ዝም አልኩ። ፋብሪካ ውስጥ መደበቁ ቀላል ነበር፤ እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ሁላችንም የምንግባባው ከንፈር እያየን ነው። የከፋው መንገድ ላይ ነው። ሰላም ሲሏት ዝም ብላ ስታልፍ «ጥሩንባ ኮራች» ይሏት ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሐሜቱን እሷ አታውቀውም፣ እኔ ነኝ ደሜ የሚፈላው። ኳየር ላይ ከጎኗ ቆሜ ክርኗን እይዛለሁ። አንዴ ስጨብጣት ትጀምራለች፣ ሁለቴ ስጨብጣት ታቆማለች። አዝማቹን የሌሎቹን አፍ እያየች ትዘፍነዋለች። ብቻዋን የምታወጣው ስንኝ ሲደርስ ግን እንደ ልማዷ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እኛም ከሥር ዜማውን በለሆሳስ እንይዝላታለን።

በዚያ ዓመት ማኅበሩ ስለ ጩኸቱ መደራደር ጀመረ። ለሁሉም የጆሮ መከላከያ ይሰጥ፣ ጆሮው የተጎዳም ጸጥ ወዳለ ክፍል ይዛወር እንጂ አይሰናበት አልን። ሥራ አስኪያጁ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጆሮው የተጎዳ አንድ ሰው አምጡልኝ።» ሊቀመንበሩ አዳራሽ ሰብስቦ ጠየቀን፤ እጁን ያወጣ የለም። የኳየሩ ሰዎች ሁሉ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ያን ቀን ቤት ገብተን ተጣላን።

«አንቺ ብትናገሪ እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር!» አልኳት።

«ያንቺን ጆሮ ውሰጂላቸው» አለችኝ።

ማኅበሩ የተመሠረተበት ቀን ሲከበር ሥራ አስኪያጁ ተጋብዞ መጣ። መድረኩ ላይ፣ ከኋላችን፣ አበባ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ዘንድ አስቀመጡት። ረፋድ ላይ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በትልልቆቹ መስኮቶች ገብቷል። ኳየሩን የሚመራው ጨርቅ ቆራጩ ነው። የእንጨት ሜትሩን አነሳ፣ ኦርጋኑ ጀመረ፣ አዝማቹን አልን። የአክስቴ ስንኝ ደረሰ። ክርኗን ጨበጥኳት፤ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

መብራት ጠፋ።

ኦርጋኑ ቀጥ አለ። እኛ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የምናደርገው አንድ ነገር አለ፤ እጃችንን ከመኪናው አንስተን ወደ ኋላ እንላለን። መብራቱ በድንገት ሲመለስ መርፌው ጣት ይበሳል፤ የተበሳ ያውቀዋል። ያ ልማድ አጥንታችን ድረስ ገብቷል። ምንም መኪና በሌለበት መድረክ ላይ አርባ ሰው አፉን ዘግቶ፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔም አልኩ። ክርኗን ለቀቅኳት።

እሷ ቀጠለች።

አዳራሹ መጀመሪያ አጨበጨበላት፤ መብራት ጠፋ ብላ የማታቆም ጀግና መሰለቻቸው። ቆይቶ ግን ዜማው በደንብ እንዳልተሰጣ ልብስ ከገመዱ እየተንሸራተተ መውረድ ጀመረ። ጭብጨባው ቆመ። አንዱ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ «እትዬ፣ ይበቃል!» አለ። «እትዬ! እርስዎን እኮ ነው!» ጮኸ። እሷ ስንኟን ጨርሳ፣ አዝማቹን እንድንቀበላት ጠበቀችና ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ዘወር ብላ እጃችንን አንስተን እንደቆምን አየችን።

ሊገባት ጊዜ አልወሰደባትም። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። ዋሺ፣ አልኩ በልቤ፤ ዘፈኑ ይዞኝ ሄዶ ነው በይ። እሷ ግን ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

«አንድ ሰው አምጡልኝ ብለዋል አሉ» አለችው። «ይኸው መጥቻለሁ። አልሰማም። ጆሮዬን የወሰደው የመኪናዎ ጩኸት ነው።»

ከኋላ ከሱሪ ጎን ሰፊዎቹ አንዷ «የኔም ግራው ሞቷል» አለች። ሌሎቻችን እጃችንን ስናወርድ ከእጅጌ ገጣሚዎቹ ሁለቱ እንዳነሱ ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ውሃውን ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በጭብጨባ አላለቀም። ብዙ ተጨቃጨቁ፤ እኛም አክስቴ ዛሬ ተባረረች ነገ ተባረረች እያልን እህል አልበላ ብሎን ሰነበትን። በመጨረሻ የጠየቅነው አንቀጽ ውሉ ውስጥ ገባ። አክስቴ በእጅ ቁልፍ ወደሚተከልበት ክፍል ተዛወረች፤ እንጀራዋ አልተነካም። የምሥራቹን ያየችው ከሊቀመንበሩ ከንፈር ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረት ሳይጨምር ተናገረ።

ማታ ልብስ እያጣጠፍን ድንገት ቀና አለችና አፌን አየች።

«የዚያን ቀን ዜማው ጠፍቶብኝ ነበር?»

አክስቴን መዋሸት አልችልበትም። «ጠፍቶብሽ ነበር።»

«በጣም?»

«በጣም።»

«የዚያን ቀን ብቻ ነው?»

«ከጀመረሽ ሰንብቷል» አልኳት። «ስትወርጂ አብረንሽ እንወርድ ነበር፣ ስትወጪ እንወጣ ነበር። ኦርጋኑም ይከተልሻል። ቆራጩ ነው ያዘዘን። አንቺ ለሥራ ብለሽ ከልምምድ በቀረሽበት ቀን ሰበሰበንና ‹እሷ በሄደችበት ሂዱ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር› አለን።»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«ሁላችንም።»

የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልናገራት ፈለግሁ፤ ግን ካላየችኝ ቃሌ አይደርሳትም። እስክትዞር ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።