ግልባጭ ለሁሉም

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይነሽ እንደ ወትሮዋ ጎረቤት ሳይነቃ ተነሳች። ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበረ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቧንቧው ነው። ጀሪካኖቹን ሞላች፣ ባልዲውን ሞላች፣ ትልቁን ድስት ሳይቀር ሞላች። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ውሃ ሲመጣ ዕቃ አይመርጥም። ከዚያ ሻይ ጣደች፣ ፍርፍር ሠራች፣ በረንዳ ላይ ወጥታ ልብስ አሰጣች። ከታች የሚኒባሱ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ባዶ ነው። ይህን ውሸት በየጠዋቱ ትሰማዋለች፣ በየጠዋቱም ፈገግ ያሰኛታል።

ልጇ ብሩክታይት ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ዐይኗን ስልኳ ላይ ተክላ ከክፍሏ ወጣች።

«እማዬ፣ ፌናን እየመጣች ነው። ቁም ነገር አለኝ ብላለች።»

«ፌናንና ቁም ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የተዋወቁት?»

ብሩክታይት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ናት። ገጠር ለገጠር እየዞረች የጉድጓድ ውሃ ትለካለች። ባለፈው ዓመት ኔዘርላንድ ለዶክትሬት ትምህርት አመልክታ የመጣላት መልስ አጭር ነበር፦ ውጤትዎ መልካም ነው፣ ነገር ግን የሚያማክርዎ መምህር አልተገኘም። አላለቀሰችም። «ዘንድሮ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ። ካልሆነ መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝን የኃላፊነት ቦታ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳውም» አለች። እርሷ አላነሳውም ካለች አታነሳውም። ይህን ከአባቷ ነው የወረሰችው።

ፌናን ደረጃውን ጨርሳ በሩ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር።

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ ይሄ ፎቅ ነው ወይስ እንጦጦ? እኛ ጤፍ ስንዘራበት እኮ ለጥ ያለ ሜዳ ነበር፤ እናንተ ናችሁ ደረጃ ያበቀላችሁበት!»

የፌናን ቤተሰቦች ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ ያርሱ ነበር። አሁን እርሷና ብሩክታይት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በተያያዘ ጠረጴዛ ይሠራሉ።

«ግቢ፣ ግቢ፤ አፍሽ ከእግርሽ ቀድሞ ደርሷል» አለቻት ፀሐይነሽ።

ፌናን ፍርፍሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጀመረች። «ትናንት ወንድወሰንን ጠየቅሁት። ያው፣ ውጭ ተምሮ የተመለሰው አለቃችንን። ምን አለኝ መሰላችሁ? ማመልከቻው የሚዘጋው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ እሺ። እንዲያማክርሽ ለምትፈልጊው ፕሮፌሰር የሚጻፈው ግን አሁን ነው! መስቀል ሳይደርስ! ኅዳር ሲገባማ ሰውየው በልቡ መርጦ ጨርሷል።»

«ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አለች ፀሐይነሽ።

«እንዲህ ነኝ፣ ይህን ሠርቻለሁ፣ በእርስዎ ሥር መማር እፈልጋለሁ፣ ዘንድሮ ተማሪ ይቀበላሉ ወይ? ተብሎ ነዋ።»

ፀሐይነሽ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ማመልከቻው ሳይገባ? ይኼማ ደጅ ጥናት ነው።»

ፀሐይነሽ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበረች። ማንኛውም ጉዳይ በመዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየተመራ የሚደርስበት ይደርሳል። ከዚህ ውጭ የኃላፊ በር ላይ የሚቆም ሰው ወይ ዘመድ አለው፣ ወይ ዘመድ ሊገዛ ነው። ብሩክታይት በዚህ ሕግ ነው ያደገችው። ባለፈው ዓመትም ማስረጃዋን በሙሉ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አስገብታ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ፋይሉ በራሱ መንገድ የሚያማክራት ሰው ጋ የሚደርስ መስሏት ነበር።

«እኔም የከበደኝ እሱ ነው» አለች ብሩክታይት። «በጓሮ በር እንደመግባት ነው የሚሰማኝ።»

«ኧረ በናትሽ! እትዬ ፀሐይነሽ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ለጋብቻ ሽማግሌ የሚላከው መቼ ነው? ድንኳን ከተጣለ በኋላ ነው? ልጅቷ ለሌላ ከታጨች በኋላ ነው?»

«ሽማግሌ በፊት በር ነው የሚገባው። ሰው እያየው።»

«ይሄም በፊት በር ነው! ሰውየው አድራሻውን ራሱ ለዓለም ዘርግቶታል።»

«የተጻፈ መመሪያ አለ?» አለች ፀሐይነሽ። «የተጻፈ ካለ አሳዩኝ።»

ብሩክታይት ስልኳን ነካካችና አቀበለቻት። ፀሐይነሽ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አመልካቾች ከማመልከታቸው በፊት ሊያማክራቸው ከሚችል መምህር ጋር እንዲጻጻፉ ይመከራሉ ይላል። ባለፈው ዓመትም እዚያው ነበር፤ ብሩክታይት ለሰነፍ አመልካች የተጻፈ መስሏት አልፋዋለች።

ፀሐይነሽ አንብባ ከጨረሰች በኋላም ስልኩን አልመለሰችም። «ይመከራሉ ማለት ይገደዳሉ ማለት አይደለም» ብትል ልጇ እንደምትሰማት ታውቃለች። የኃላፊነቱ ቦታ ሩዋንዳ ነው፣ በሚኒባስ ደርሶ መልስ። ማታ ማታ በሩ ይከፈታል፣ «እማዬ፣ ምን አለ?» ይባላል። በረንዳው ላይ ያሰጣችውን ልብስ ነፋሱ ሲያወዛውዘው ትንሽ አየች።

«ተጽፏል» አለች። «ከተጻፈማ መመሪያ ነው። ወረቀት አምጡ።»

«ኢሜይል ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ረቂቅ በወረቀት ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። ደብዳቤው «ጉዳዩ» የሚል ርእስ ኖረው። ፌናን ከላይ የተደረደረውን የጤናና የቤተሰብ ሰላምታ በሙሉ ልትሰርዝ ብትነሳ ጦርነት ሆነ።

«እንደ ዕዳ ጠያቂ ዘው ትበል?»

«እትዬ፣ ሰውየው የልጆቹን ደኅንነት ሲመልስ ዓመቱ ያልቃል!»

በመጨረሻ በአንድ የሰላምታ ዐረፍተ ነገር ተስማሙ። ብሩክታይት የለካቻቸውን ጉድጓዶችና ያገኘችውን በአጭሩ አስገባች፤ የፕሮፌሰሩን ጥናት የት ቦታ ላይ ልትቀጥለው እንደምትፈልግም ጻፈች። ጥሩ ደብዳቤ ሆነ። ሊላክ ሲል ፀሐይነሽ እጇን አነሳች።

«ግልባጭስ?»

«የምን ግልባጭ?»

«ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ምስጢር ነው። ለክፍሉ ኃላፊና ለሌሎቹ መምህራን ይድረሳቸው። ማንም በስውር ተላከ እንዳይል።»

ፌናን ጭንቅላቷን ያዘች። «የሠርግ ካርድ ነው እንዴ ለሰፈሩ የሚበተነው?»

ብሩክታይት እናቷን አየች፣ ፌናንን አየች፣ እናቷን መልሳ አየች። የክፍሉን ኃላፊና ሁለት መምህራንን በግልባጭ አስገብታ ላከችው።

ሰኞ ወንድወሰን ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንጋለለ አሉ። «ለአንድ ሰው የሚጻፈውን ለአራት ሰው? አንዳቸውም አይመልሱላትም! እያንዳንዱ ሌላው ይመልስላት ይላል።»

መስቀል መጣ፣ አለፈ። ከፕሮፌሰሩ መልስ የለም። ብሩክታይት ስልኳን ማየት አቆመች፤ የኃላፊነቱን ቦታ እስከ ወሩ መጨረሻ ታሳውቅ ተባለች። የግልባጩ ነገር ፀሐይነሽን ከነከናት፤ የምትሠራው ምግብም ጨው በዛበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፀሐይነሽ ስልክ ጮኸ። ፌናን ናት። ከቢሮ ነው የምትጮኸው።

«እትዬ! ተቀምጠዋል? ይቀመጡ!»

መልስ የመጣው ግልባጭ ከደረሳቸው መምህራን ከአንዷ ነበር። ፌናን ከብሩክታይት ኮምፒውተር ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት። «ደብዳቤዎን የጻፉላቸው ባልደረባዬ ዘንድሮ ጡረታ ስለሚወጡ አዲስ ተማሪ አይቀበሉም። ለእኔ ለምን ግልባጭ እንደተደረገልኝ አልገባኝም፤ ሆኖም ደርሶኛል። ጉድጓድ ላይ ቆሞ ውሃ የለካ ሰው እየፈለግሁ ነው። ለሌላ አመልካች ቃል ሳልገባ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።»

ፀሐይነሽ ተቀምጣ ነበር፤ ተነሳች።

«ታኅሣሥ ድረስ ብንጠብቅ ኖሮ…» አለች።

«ለባዶ ወንበር ነበር የምናመለክተው! ከእንግዲህ ባል ስፈልግም ግልባጭ ለሦስት ነው የማደርገው!»

«ለአንቺ ሦስት አይበቃም» አለች ፀሐይነሽ።

ወንድወሰን ግን በአቋሙ ጸና። «ዕድል ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳታስተምሩ» አለ።

በቪዲዮ የተነጋገሩ ቀን ፀሐይነሽ ከቤት ወጥታ ደረጃው ላይ ዘብ ቆመች። የጎረቤት ሕፃናትን በብስኩት አባበለች። አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቁራሌው ጆንያውን ተሸክሞ «ቁራሌው!» እያለ ሲመጣ ወርዳ እጁን ያዘችው።

«ዛሬ እዚህ ብሎክ ዝም ብለህ እለፍ፣ የኔ ልጅ።»

«ምነው እማማ፣ ልቅሶ አለ?»

«የለም፤ ቃለ መጠይቅ አለ።»

ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ በእግር ጣቱ ጫፍ እየረገጠ አለፈ።

በሩ ተከፍቶ ብሩክታይት ብቅ ስትል ፊቷ ቀልቶ ነበር። «የክረምት ጭቃ መኪናችንን ሲይዘው ምን እንደምናደርግ ጠየቀችኝ። እንገፋለን አልኳት። ሳቀች፣ እማዬ። ስሜን ጠርተሽ አመልክቺ አለችኝ።»

ታኅሣሥ ሳይደርስ ማመልከቻው ገባ፤ የሚያማክራት መምህር ስም ያለበት። ብሩክታይት የኃላፊነቱን ቦታ አመስግና መለሰች። በዐቢይ ጾም መጨረሻ የመቀበያው ደብዳቤ መጣ። ፌናን ደረጃውን በእልልታ ስለወጣችው ያለ ስብሰባ ጥሪ የብሎኩ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኟት። ብሩክታይት እናቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። ፌናን «በሉ ይልቀቋት፣ አውሮፕላኑ እንደ ሰሚት ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ እያለ አይጠብቅም» ብላ አሳቀቻቸው።

ፀሐይነሽ ደኅና ናት። ፌናን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ከዚያኛው ብሎክ ሁለት ወጣቶች በፀሐይነሽ ምክር ለመምህራን ጽፈው አንዱ መልስ አግኝቷል፤ ግልባጩን እንዲተዉት ነግራቸዋለች። እሑድ እሑድ ብሩክታይት ትደውላለች፣ ስለ ጉድጓዶች ታወራለች።

ማታ ግን በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው የለም።