ሸራ ላይ የተጠራው ናሚዞ

ኮሳቡሮ በጃፓን ባሕር ዳርቻ ባሉ ከተሞች ሁሉ ስሙ የገነነ፣ ሰው ሁሉ መምህር የሚለው የፊልም ተራኪ ነበር። በዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ የለውም። ሸራው ላይ ያሉት ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ይዘጋሉ እንጂ የሚሉት አይሰማም። ስለዚህ ከሸራው ጎን ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ይቆምና በሁሉም ፈንታ ይናገራል፤ በሌባውም፣ በፖሊሱም፣ በምታለቅሰዋም ሴት። ሕዝቡ የሚከፍለው ሥዕሉን ለማየት ሳይሆን ይህን ሰው ለመስማት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮሳቡሮም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያበላሸውም ማወቁ ነው።

ከሩሲያ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር ሰው ከጦርነት ሌላ ፊልም አላይም አለ። ኮሳቡሮና ማሽኑን የሚያዞረው ባልደረባው ካንጂ ወታደሮች ሲዘምቱ የሚያሳይ አንድ ፊልም ገዙ። ፊልሙ ከማጠሩ የተነሣ ሰው ተመቻችቶ ሳይቀመጥ ያልቃል። ካንጂ ጫፍና ጫፉን አጣብቆ ቀለበት አደረገውና ሳይቋረጥ ይዞር ጀመር። ወታደሮቹ በግራ በኩል ይገባሉ፣ ጭሱን ሰንጥቀው ያልፋሉ፣ ከሁሉ ኋላ ያለው ወጣት ዞር ብሎ ኮፍያውን ያውለበልብና ይወጣል። ከዚያ እንደገና በግራ በኩል ይገባሉ። ይህ የካንጂ ብልሃት ነው፤ ማንንም አልጎዳም። የኮሳቡሮ ብልሃት ግን ሌላ ነበር።

አዲስ ከተማ ሲገቡ ኮሳቡሮ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ከሰፈሩ ማን ማን እንደ ዘመተ ያጠያይቃል። ማታ ሥዕሉ እንዲጠራ ሸራው በውሃ ርሶ መብራቱ ሲበራ፣ በያዘው ዘንግ አንዱን ወታደር ይጠቁምና ይህማ የአናጢው የዩሄይ ልጅ አይደለም እንዴ ይላል። አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። ሥዕሉ ብዥ ያለ ነው፣ የሁሉም ልብስ አንድ ነው፣ ፊት በቅጡ አይለይም፤ እናት ደግሞ ልጅሽ ነው ካሏት ልጇን ማየት አያቅታትም። ይህን ያሰበ ሌላ ተራኪ አልነበረም። ኮሳቡሮ በራሱ ጭንቅላት ተገረመ፣ ጽድቅ የሠራም መሰለው። ሰው በደስታ ቢያለቅስ ምን ክፋት አለው ይል ነበር፤ እንዲህ እያሉ ራስን ማታለል ደግሞ ምንም አያደክምም።

በሚያዝያ ኡራሃማ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ደረሱ። እዚያ ኮፍያውን የሚያውለበልበው ወጣት ቶዋ ለምትባል፣ ሰርዲን እያደረቀች ለምትሸጥ ባልቴት ደረሳት። አንድያ ልጇ ናሚዞ ወደ ፖርት አርተር ግንባር ዘምቶ ነበር። ኮሳቡሮ ስሙን ሲጠራ ቶዋ ከተቀመጠችበት ተነሣች። አላለቀሰችም። ቀለበቱ በዞረ ቁጥር፣ ወጣቱ ኮፍያውን ባነሣ ቁጥር፣ እሷም እጇን እያነሣች ትመልስለት ነበር። ሰው ፊልሙን ትቶ እሷን ያይ ጀመር። ኮሳቡሮ እንዲህ ያለ ጭብጨባ ሰምቶ አያውቅም፤ ያን ማታ የሩዝ መጠጡን፣ ሳኬውን፣ ከወትሮው አብዝቶ ጠጣ።

በነሐሴ ለሙታን በዓል ወደ ኡራሃማ ተጋብዘው ተመለሱ። ማረፊያውን የምታስተዳድረው ኦሪኩ ሻይ አቀረበችለትና ገና ጫማውን አውልቆ ሳይረጋጋ የከተማውን ወሬ ዘረገፈችለት። በግንቦት አንድ የመንግሥት ሰው ነጭ ሣጥን ይዞ ቶዋ ደጃፍ መጥቶ ነበር። ውስጡ፣ ሬሳው ባይገኝ እንዲቀበርለት፣ ናሚዞ ወደ ውጊያ ከመግባቱ በፊት ቆርጦ ያስቀመጠው ጸጉርና ጥፍር አለ፤ ወረቀቱ በጥር ሞቷል ይላል። ቶዋ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። በጥር የሞተ ሰው በሚያዝያ እንዴት ኮፍያ ያውለበልባል፣ ሌላ ናሚዞ ፈልጉ ብላ በሩን ዘጋችበት። ሣጥኑ ይኸውና እስከ ዛሬ ቤተ መቅደስ ውስጥ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ተቀምጧል። ካህኑ ሊያስረዷት ቢመላለሱ የምግቡን ሳህን ክዳን ታሳያቸዋለች።

ሩቅ የሄደ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እንደሚያደርገው ቶዋም ለናሚዞ ጠዋትና ማታ ማዕድ ታቀርባለች፤ ያለበት አገር እንዳይርበው። ክዳኑ ሲነሣ ከውስጡ ጠብታ ከቋጠረ ልጁ ደኅና ነው ማለት ነው። ትኩስ ሩዝ የተከደነበት ክዳን ደግሞ መቼ ጠብታ ሳይቋጥር ቀርቶ ያውቃል? ለሙት ግን ማዕዱም ሌላ ነው፣ ቦታውም ሌላ ነው። ለናሚዞ ቤት ውስጥ ለሙታን በተሠራው መሠዊያ ላይ አንድ ስኒ ውሃ እንኳ አልቀረበም።

«የሚያሳዝነኝ ነገ ነው» አለች ኦሪኩ። «ነገ ማታ ሁሉም በየደጁ እሳት አንድዶ ሙቱን ይጠራል። አዲስ ሙት ደግሞ የመጀመሪያ መንገዱ ነው፤ እሳት ካላየ ቤቱን አያገኘውም። እንዲሁ ባሕሩ ዳር ሲንከራተት ሊያልፍ ነው። ለመሆኑ መምህር፣ ያ ፊልም የተነሣው መቼ ነው?»

ኮሳቡሮ መልስ ላለመስጠት ትኩሱን ሻይ ተጎነጨና ጉሮሮውን አቃጠለው። ኦሪኩ በክፋት አልነበረም የጠየቀችው። ክፋት ቢኖርበት ይሻለው ነበር፤ ተቆጥቶ ይገላገል ነበርና።

ካንጂን ማሽኑን ፈታትቶ ዘይት ሲቀባ አገኘው። ኮሳቡሮ የሰማውን ሲነግረው ካንጂ ቀና ሳይል አዳመጠ። ፊልሙ የት እንደተነሣ ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ። ቶኪዮ ዳር ባለ አንድ ሜዳ ላይ፣ እርጥብ ጭድ ተቃጥሎ፣ የቲያትር ቤት ሠራተኞችና ሥራ ፈቶች የወታደር ልብስ ለብሰው ነው። ያንን ኮፍያ የሚያውለበልበውንማ ካንጂ በስሙ ያውቀዋል። በሁለት ጎማ ጋሪ ሰው እየጎተተ የሚተዳደር፣ መጠጥ የሚወድ ሰው ነው።

«እንግዲህ ከሞት ያስነሣኸውን አንተው ቅበረዋ» አለ ካንጂ።

«አትቀልድ።»

«ማን ቀለደ? በየከተማው ስንት አስነሥተናል? እኔ ማሽን ነው የማዞረው፤ ስም የምትጠራው አንተ ነህ።» ካንጂ የዘይት ጨርቁን ጣለ። የጓደኛው ፊት አሳዝኖት ሳይሆን አይቀርም፣ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። ፊልሙ በታኅሣሥ ነው የተነሣ በላት። ያኔ በሕይወት ነበር፣ በጥር ሞተ፤ አለቀ። እሷም አልቅሳ እሳቷን ታነዳለች፣ አንተም ውሸታም አትባልም። ማን ተጎዳ?»

ኮሳቡሮን ከላዩ ላይ ድንጋይ ያነሡለት ያህል ቀለለው። የሚገርመው፣ ያን ጊዜም ያስጨነቀው ቶዋ ብቻ አልነበረችም። ኦሪኩ ምን ትላለች፣ ነገ ማታ አዳራሹ ይሞላል ወይ፣ ይህም ከልቡ አንድ ጥግ ይዞ ነበር። ይህን ራሱም አወቀና አፈረ።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ወደ ቶዋ ላለመሄድ ምክንያት ሲፈልግ ዋለ። ገላውን ታጠበ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ሙቀቱ ይብረድ አለ። ሲወጣ ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ ተቃርባ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ሁሉ በየደጃፉ ለእሳቱ ደረቅ የቃጫ አገዳ ሲደረድር አየ። ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰዋል። የቶዋ ደጃፍ ላይ ከዓሣ ማስጫው ርብራብ በቀር ምንም የለም።

ቶዋ ስታየው ፊቷ በራ። መምህር እዚህ ድረስ እግርዎን አነሡልኝ ብላ ጎንበስ ቀና አለች። ውስጥ፣ ባሕሩን በሚያይ መስኮት በኩል፣ ማዕዱ ቀርቧል፤ የተከደነ ሩዝ፣ ሾርባ፣ አንድ የተጠበሰ ዓሣ፣ ኮምጣጣ ራዲሽ። ክዳኑን አንሥታ አሳየችው። ጠብታዎቹ ተደርድረዋል።

«ደኅና ነው» አለች።

ኮሳቡሮ ተንበርክኮ ተቀመጠና ያጠናውን ተናገረ። ፊልሙ የቆየ መሆኑን፣ በታኅሣሥ መነሣቱን፣ እሱም ይህን ሳያጣራ ደስ ሊያሰኛት መቸኮሉን ነገራት። የመድረክ ድምፁ ሳያስበው መጣለት፤ የት ዝቅ፣ የት ቆም እንደሚል አፉ ያውቃል። ያን ድምፅ ሲሰማ ራሱን ተጸየፈ፣ ግን አላቆመም።

«ታኅሣሥ» አለች ቶዋ።

«ታኅሣሥ።»

ቶዋ ክዳኑን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ወገቧ የተቆረጠ ይመስል እጥፍ አለች። ኮሳቡሮ አበቃ ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ውስጥ ያየው ነገር ቁጣም ልመናም አልነበረም። ግንባሯ መሬት እስኪነካ ድረስ ሰገደችለት።

«እንግዲያው እርስዎ ባይኖሩ ሳላየው ነበር የምቀረው። ሲሄድ እዚህ ደጃፍ ላይ ፊቱን አላዞረም ነበር፤ አፍሮ፣ እንዳያለቅስ። ለካ እዚያ ሆኖ ዞሮልኛል። ተሰናብቶኝ ነው የሄደ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «መምህር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ናሚዞ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። ካንጂ የተበጠሰ ፊልም ለልጆች ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ብርሃን ላይ ሲይዙት ትንንሽ ሰዎች ይታያሉ። እሱ ያለበትን አንዲት ቁራጭ ቢሰጡኝ መሠዊያው ላይ አኖራታለሁ። ዛሬ ስጠራው መልኩን እያየሁ እጠራዋለሁ።»

ቀላል ነገር ነው የለመነችው። ካንጂ በመቀስ ቁርጥ አድርጎ ይሰጣል፣ ጫፉን መልሶ ያጣብቃል፣ ፊልሙ አይጎዳም። እሺ የሚለው ቃል ኮሳቡሮ አፍ ውስጥ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ያ ጋሪ ጎታች የናሚዞን ስም ይዞ መሠዊያው ላይ ሲቀመጥ፣ ይቺ ሴት በየጠዋቱ ውሃ ስታቀርብለት፣ ስታወራው፣ እስክትሞት ድረስ ስትሰግድለት ታየው። አሁን እሺ ቢል ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚቀማት ገባው።

«ልጅዎ አይደለም» አለ።

ድምፁ የመድረኩ ድምፅ አልነበረም፤ ቶዋ አልሰማችውም መሰለውና ደገመው። «እማማ ቶዋ፣ ልጅዎ አይደለም። አልነበረምም። ፊልሙ ላይ አንድም እውነተኛ ወታደር የለም። ስሙን ከኦሪኩ ጠይቄ ነው የጠራሁት። በየከተማው እንዲህ አደርጋለሁ።»

ውጭ አንድ ልጅ እየሮጠ አለፈ። ቶዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ማነው ታዲያ?»

«ቶኪዮ ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ሰው ነው።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ደኅና ነው?»

«ካንጂ በቅርቡ አይቶታል። ደኅና ነው።»

ቶዋ ማዕዱን አየችው። ሩዙን፣ ሾርባውን፣ ዓሣውን ተራ በተራ አየቻቸው። ኮሳቡሮ ትጮህብኛለች፣ ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው ይመርጥ ነበር።

«ስለዚህ ያ ሰውዬ ነው የበላው» አለች። «ከሚያዝያ ጀምሮ ጠዋት ማታ ያንን ፊት እያሰብኩ ነው ያቀረብኩት። እሱ ጠገበ። የኔ ልጅ በጥር ሞቶ እስከ ዛሬ ምንም አልቀመሰም።»

ኮሳቡሮ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገ፤ ለስንቱ ሌባና ለስንቱ ከዳተኛ ሸራው ጎን ቆሞ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ለራሱ ሲሆን አጣው። ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ቀረ።

አንድ ነገር ፊቱ ሲቀመጥ ሰምቶ ቀና አለ። ቶዋ ማዕዱን አንሥታ እሱ ፊት አኑራዋለች።

«ብላ።» እስከዚያች ሰዓት አንቱ ትለው ነበር። «ይሄ ለሙት አይሆንም። በሕይወት ላለ ሰው ብዬ ነው የሠራሁት። የመጣኸው አንተ ነህ፤ ብላው።»

«እማማ፣ እንዴት አድርጌ…»

«አንድ ፍሬ እንዳታስተርፍ።»

ከምድጃው ፍም በሸክላ ይዛ ወጣች። የቃጫ አገዳ አላዘጋጀችምና ሰርዲን ከምታሰጣበት ርብራብ ላይ ገለባውን እየነቀለች ስትከምር በተከፈተው በር ይታያል። እሳቱ ለመያዝ አስቸገራት። ገለባው ጨው ጠጥቶ ነበር። እፍ እያለች፣ እየሳለች ቆየችና በመጨረሻ ነበልባል አወጣ። ኮሳቡሮ ሊረዳት ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ዞር ብላ አየችውና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ናሚዞ» ብላ ወደ ባሕሩ ተጣራች። ድምፏ የደከመ፣ የተሰነጠቀ ነው፤ ከደጃፉ አያልፍም። «ናሚዞ፣ ቤትህ በዚህ ነው። ሳላውቅ ቀርቼ ነው። በዚህ በኩል ና።»

ጎረቤቶች ከየእሳታቸው አጠገብ ቀና ብለው አዩዋት። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሁለት ሦስቱ መጥተው ምንም ሳይናገሩ ከየራሳቸው አገዳ እያነሡ ቶዋ እሳት ላይ ጨመሩላት።

ኮሳቡሮ ውስጥ ብቻውን የመብያ እንጨቶቹን አነሣ። ዓሣው ደረቅ ነበር፤ ሩዙን በሾርባ እያወራረደ በላ። ከውጭ የናሚዞ ስም ደጋግሞ ሲጠራ ይሰማዋል፤ ስሙ በተጠራ ቁጥር አንድ ጉርሻ ጎረሰ። እንባው ሩዙ ላይ ሲወርድ ቶሎ ዋጠው። ሳህኑን ባዶ አድርጎ ሲጨርስ ቶዋ ገና ልጇን እየጠራች ነበር።