ትልቁ ሽጉጥ የት ደረሰ?

ዶይል ታኬት ትንሹን ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሻጠና ሸሚዙን አለበሰው።

«አሁን ደግሞ ተቀመጥ» አሉ የሽጉጥ መደብሩ ባለቤት እትዬ ኦፓል። «ሽጉጥ ቆመው አይመርጡትም። ያንን ቦርጭ ይዘህ ቁጭ ስትል ነው ጉዱ የሚታየው!»

መደብሩ ጥግ ላይ ከፈረሰ ቤተ ክርስቲያን የመጣ አሮጌ አግዳሚ አለ። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሁሉ አዲሱን የሚሞክረው እዚያ ተቀምጦ ነው። ዶይል ግን አግዳሚውን ሲያይ እርምጃውን ገታ።

የቀድሞው ሽጉጡ ትልቅ ነበር። የዛሬ ወር፣ እሑድ፣ ስብከት ላይ እንዲህ ባለ አግዳሚ ተቀምጦ ጎኑን ቢወጋው፣ ወጣ ብሎ መኪናው ወንበር ስር ወሸቀውና ተመለሰ። በሩን አልቆለፈም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማን ይቆልፋል? ስብከቱ አልቆ ሲመለስ ሽጉጡ የለም። «ዝርክርክ ይሉኛል» ብሎ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በአራተኛው ቀን የእትዬ ኦፓል የእህት ልጅ ራንዳል የሚሠራበት ነዳጅ ማደያ ዘራፊ ገባና ራንዳልን ጉልበቱን በጥይት መታው።

ዶይል ሚስቱ የጋገረችውን የበቆሎ ዳቦ ይዞ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር።

«ፊቱን ሸፍኗል፣ አላየሁትም» አለው ራንዳል። «ያየሁት ሽጉጡን ብቻ ነው። እጀታው ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል።»

ያንን ፕላስተር የጠቀለለው ዶይል ራሱ ነው። ዳቦውን አስቀምጦ ወጣ።

አሁን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ትንሹ ሽጉጥ አልወጋውም፤ መኖሩም አያስታውቅም።

«እንዴት ነው?»

«ምንም አይል።»

«እኔስ ምን አልኩህ! አምስት ጎራሽ ነው። ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል፣ ልምምድ ይፈልጋል። ግን ከበደኝ ብለህ አውልቀህ የትም አትጥለውም። በል ትልቁን አምጣውና ከዋጋው ልቀንስልህ። ወይስ ሚስትህ ቀማችህ?» ብለው ሳቁ።

«ሸጥኩት» ሊል አፉን ከፈተ። መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው ነበር የመጣው። አሁን ግን የተቀመጠበትን አግዳሚ አየና ተወው።

«ተሰርቆብኛል፣ እትዬ። ራንዳል ሊመታ አራት ቀን ሲቀረው። እጀታው... አረንጓዴ ፕላስተር ነበረው።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ይህን እያወቅህ ነው ዳቦ ይዘህለት የሄድከው?»

«ስሄድ አላወቅሁም። ስመለስ ግን አውቄ ነበር።»

እትዬ ኦፓል እጃቸውን ዘረጉ። ዶይል ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ሰጣቸው። መስታወት ሳጥኑ ውስጥ መለሱት፤ ቆለፉበት።

«ሸሪፉ ዛሬ ቢሮው ነው» አሉ ሳያዩት። «መጀመሪያ ግን ለልጁ ደውልለት። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው።»

ዶይል እዚያው አግዳሚው ላይ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሁለቴ ጠራ።

«ዶይል!» አለ ራንዳል እየሳቀ። «ዳቦው እኮ አለቀ፤ መቼ ነው የምታመጣልኝ?»