ቀኙን ብቻ

ያ ቀን በእንሴኖ የገበያ ቀን ነበር። ራምዚና እኔ የፋርማሲ ተማሪዎች ነን፤ ከወልቂጤ የመጣነው ለገበያተኛው የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ በነጻ ልንሰጥ ነበር። ቦታውን የፈቀዱልን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ስንለምናቸው ሙሉ ክፍል ሰጡን። ጥቁር ሰሌዳው ላይም በራሳቸው እጅ «ጤና ከቤት ይጀምራል» ብለው በትልቁ ጻፉልን።

ክፍሉን በአንሶላ ለሁለት ከፈልነው። ይህን ያዘዙን በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ሃፊዛ ናቸው። «መጋረጃ ካላደረጋችሁ ክንዴን አታዩም፤ የኔን ካላያችሁ ደግሞ የማንንም አታዩም» አሉ። ራምዚ የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ ከአክስቱ ቤት አንሶላ አምጥቶ ገመድ ላይ ወጠረ። ወንዶቹ ከራምዚ ጋር በበሩ በኩል፣ ሴቶቹ ከእኔ ጋር በመስኮቱ በኩል ሆኑ። አንሶላው ሰሌዳው መሀል ላይ ስላረፈ «ጤና» የሚለው ወደ ወንዶቹ ቀረ፤ እኛ ጋ የሚታየው «ከቤት ይጀምራል» ብቻ ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ በመጋረጃው ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«እትዬ፣ እጅዎ ላይ አሁንም በርበሬ አለ። በሳሙና ታጥበው ይመለሱ» አልኳቸው።

«ሁለቴ ታጠብኩ እኮ! ከንጋት ጀምሮ በርበሬ ስዝቅ ነው የዋልኩት፤ ይሄ በሳሙና ይለቃል?»

«ጣትዎን ስወጋው ያቃጥልዎታል።»

«ምን አልሽ? የኔ ልጅ፣ አንቺ ስትናገሪ የሚሰማው የራስሽ ጆሮ ብቻ ነው። ጮክ በይ!»

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሳቁ። «ዶክተሯ አፍራ ነው፣ ይተዉአት» አለች አሚኔ የምትባል ወጣት።

«የምን ዶክተር? መድኃኒት ሻጭ ናት። እንደኔው ነጋዴ» አሉ እትዬ ሃፊዛ፤ ሳይታጠቡ ተመልሰው ተቀመጡ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ሚስታቸውን ይዘው የመጡት ያኔ ነው። ከአንሶላው ማዶ ለወንዶቹ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «የራሴን ቤት ነው የማስቀድመው። አርአያ መሆን አለብን።»

ሚስታቸው ዓለምዘውድ ብቻዋን ገባች። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም። ቀኑ ሞቃት ነው፤ እሷ ግን ወፍራም ሹራብ ለብሳ በላዩ ላይ ነጠላ ደርባለች። ገና ሳልጠይቃት ቀኝ ክንዷን ዘረጋችልኝ።

«ቀኙን ብቻ ለኪው» አለች።

መለኪያውን አሰርኩላትና ነፋሁት። መቶ ዘጠና በመቶ ሃያ። አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገኝ ቤተሰብ እንዲጠራ ቀድመን ተስማምተን ነበር። «ራምዚ! ባለቤቷን ጥራልኝ!» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮክ ብዬ አላውቅም።

«ከግራው ጋር ማስተያየት አለብኝ» አልኳት።

«አይሆንም።»

«የሁሉንም ሁለቱንም ክንድ ነው የምንለካው፤ ሕጉ ነው» ብዬ የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰብኩት። ትንፋሿን ዋጠች።

ክንዷ ከክርኑ በታች አብጦ ተጣሟል። በሁለት የእንጨት ማስመሪያ መሀል ተደርጎ በጨርቅ ታስሯል፤ ልጆች ደብተር የሚያሰምሩበት ማስመሪያ። ከክርኑ በላይ የጣቶች አሻራ አለ፤ የቆየው ቢጫ፣ አዲሱ ጥቁር።

«ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች።

እትዬ ሃፊዛ ከአግዳሚው ጎንበስ ብለው አዩ። «የእናንተ ቤት ደረጃ አለው እንዴ?»

«የለውም» አለች ዓለምዘውድ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ከሰዓት ወልቂጤ እህቴ ጋ ልጠፋ ነው። ከግቢ የወጣሁት በዚህ ምርመራ ሰበብ ነው። ግራውን አሳይቼ ከተገኘሁ ከእንሴኖ ሬሳዬ ነው የሚወጣው። እባክሽ እንዳትነግሪው።»

«እየመጡ ነው» አለ ራምዚ ከማዶ።

እጅጌውን ልትመልሰው ሞከረች፤ ማስመሪያው ያዘው። እኔም አብሬያት ጎተትኩ።

«ምን ተገኘ፣ የኔ ልጅ?» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ከመጋረጃው ጀርባ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

«ግፊቷ... ከፍ ብሏል። ሆስፒታል ብትሄድ ጥሩ ነው።»

«በየትኛው ክንድ ነው የለካሽው?»

በቀኝ ነው የለካሁት። እውነቱ አንድ ቃል ነበር። አልወጣልኝም።

አንሶላው ተገለጠ። ከዚህ በኋላ ያለውን «አንቱ» እያልኩ ልጽፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጆሮዋ ላይ በቡጢ መታት። ከወንበሩ ስትወድቅ ጠረጴዛውን በእርግጫ ገለበጠው፤ የስኳር መለኪያው ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። «አዋረድሽኝ! በሰው ፊት አዋረድሽኝ!» እያለ ሆዷን ረገጣት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግራ ክንዷን ማስመሪያው ላይ ያዘና ጠመዘዘው። እንጨቱ ተሰበረ። ከእንጨቱ ጋር ሌላም ነገር ተሰበረ፤ የዚያኛው ድምፅ ይለያል። አልጮኸችም። በፀጉሯ አንስቶ ራሷን ከግድግዳው ጋር አጋጫት፤ ከዚያም ደገመው።

በአንሶላው ስር የወንዶቹ ጫማ ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። የራምዚም መሀል ላይ ነበረ። «ሴቶች ክንዳቸውን ገልጠው ነው እኮ፣ እንዴት ይገባል?» አለ አንዱ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ኮቱን ከኋላ ይዤ ሳብኩት። ዞር ሳይል በክርኑ አፌን አለኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ፤ አፌ በደም ሞላ።

«መጋረጃ ገባህ!» አሉ እትዬ ሃፊዛ። «የሴት መጋረጃ ደፈርክ!» አግዳሚው ላይ ወጥተው ከኋላው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፤ ሁለት መዳፋቸውን ዓይኖቹ ላይ አድርገው የሕፃን ፊት እንደሚያጥብ ሰው አሹት። ያን ያልታጠበ እጃቸውን።

ጩኸቱ እንደ ሰው አልነበረም። የዓለምዘውድን ፀጉር ለቆ ፊቱን መቧጨር ጀመረ። ሴቶቹ ያኔ ተነሱ። በጫማ፣ በጃንጥላ፣ በጡጫ ወረዱበት። አሚኔ የክብደት ሚዛናችንን አንስታ ጉልበቱ ላይ ጣለችው፤ ወደቀ። ከወደቀም በኋላ አላቆሙም። የቅንድቡ ደም ከእንባውና ከበርበሬው ጋር ተደባልቆ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «ይብቃ» ማለት የምችለው እኔ ነበርኩ። ድምፄም አልጠፋም ነበር። አላልኩም።

ዓለምዘውድን ደግፈን ስናወጣ በሩ ላይ ወንዶቹ ቆመዋል። ምክትል ዳይሬክተሩ መምህር ገብረወልድ እጁን ዘረጋና መንገዱን ዘጋ።

«ተዉ እንጂ እናንተ፣ ባልና ሚስት ናቸው። ሽማግሌ ይቀመጥና ይታረቃሉ። እሷም ለጊዜው ወደ ቤቷ ትግባ።»

«አላህ ያሳይህ፣ በየትኛው እግሯ?» አሉ እትዬ ሃፊዛ።

«እርስዎ ይቆዩ። የሰው ዓይን አጥፍተዋል፤ ፖሊስ ይጠይቅዎታል።»

«ይጠይቀኝ። እጄን አሸተዋለሁ።»

አንድም የሳቀ የለም፤ ከበሩም የተነሳ የለም። ዓለምዘውድ ከእጃችን ወጣች። ነጠላዋን በቀኝ እጇ ጎትታ ጣለችውና ግራ ክንዷን ከስር ደግፋ ወደ መምህር ገብረወልድ ፊት አነሳችው። ከክርኗ በታች ክንዷ ሁለት ቦታ ታጥፏል፤ የተሰበረው ማስመሪያ ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ደም ይወርዳል።

«ይሄን ነው የምታስታርቁት?» አለች። «እንካ፣ አስታርቀው።»

መምህር ገብረወልድ አንገቱን ደፋ። ከኋላው የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ጎን ሸሹ። ራምዚ እየሮጠ ሄዶ ባጃጅ አመጣ።

«መግባት ነበረብኝ» አለኝ ስሳፈር።

«አዎ» አልኩት። ሰማኝ።

እትዬ ሃፊዛ እዚያው በሩ ላይ ፖሊሱን ሊጠብቁ ቀሩ። እኛ በቡታጅራ መንገድ ወደ ሆስፒታል ወጣን። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ዓለምዘውድ ጥርሷን ትነክሳለች፤ እኔ ደሜን ከወለል ባነሳሁት ነጠላዋ ጫፍ እጠርጋለሁ። ለእህቷ ደወልኩላት፤ ከወልቂጤ ተነስታ ሆስፒታሉ ድረስ እንደምትመጣ ነገረችን። ስልኩን ከጆሮዋ ሳነሳ ወደ ቀኝ ክንዷ አየች። የግፊት መለኪያው እንደታሰረ ነው፤ የሚነፋበት የጎማ ፊኛ ጭኗ ላይ ይንከባለላል።

«ይሄ ነገርሽ አሁንም እኔ ላይ ነው» አለች። «በጥርሴ ልፍታው?»

«ተዪው» አልኳት። ግፊቷን ደግሜ ልለካ ፊኛውን አንስቼ ቀስ እያልኩ መንፋት ጀመርኩ።