ለአርባው የሚሆን ፎቶ

ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሌላ ምንም የለም። ራይና ከኮምፒውተር ጠጋኙ ከቬስኮ ጀርባ ቆማ ያቺን ሰረዝ እንደ በሽተኛ ትንፋሽ ትከታተላለች።

ነገ የልጇ የኦግኒያን አርባ ነው። የከተማዋ የሎም ሰው የሟቹን ማስታወቂያ ከነፎቶው በበሩ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያውና በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። በቀብሩ ዕለት የለጠፈችው ግን ፊት አልነበረውም፤ እጇ ላይ የነበረውን ብቸኛ ፎቶ፣ መታወቂያውን፣ የሞት መዝጋቢው ወስዶት በፊቱ ቦታ መስቀል ብቻ ታተመበት። «የትኛው ኦግኒያን ነው ደግሞ?» ሲሉ ሰምታለች። ሌሎቹ ፎቶዎቹ ያሉት በዚህ በእሱ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ማተሚያ ቤቱም ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«ይሄ ጡረታ መውጣት ነበረበት፣ እማማ» አለ ቬስኮ። «ኦግኒያን ነው ሊኑክስ የሚባል ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚቀል ሲስተም ጭኖ ያቆየው። መብራት ሲቋረጥ ምስል የሚያወጣው ፕሮግራም ተበላሽቷል። አዲስ እጭንበታለሁ፤ አስር ደቂቃ።»

ፍላሽ ሰካ። ስክሪኑ በጽሑፍ ተሞላ። የማታ ትምህርት ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ የሆነው ራይና ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር አስኬደች።

«በ… ዲስኩ ላይ… ያለው… ሁ… ሉ… ይ… ጠፋል።»

እጁን ያዘችው።

«ምንድነው የሚጠፋው?»

ቬስኮ ደነገጠ። «ፎቶ እንዳለበት መች ነገሩኝ? እንዲበራልዎት ብቻ መስሎኝ።»

«ለመብራቱማ አምፖል አለኝ።»

ፍላሹን ነቀለ። ከዚያ ወዲያ ቀልዱን ተወ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቴም እምቢ አለው። በአራተኛው ስክሪኑ ተንቀጠቀጠና ደብዘዝ ያለ፣ ሸካራ ምስል ወጣ።

አንድ ፎቶ ከፈተ። ኦግኒያን ታሞ ሆስፒታል ሊገባ ሲል የተነሳው ነበር። ፊቱ ግን ሰፍቷል፤ ጉንጩ ሞልቷል።

«የስክሪኑን መጠን አላወቀውም፣ ወደ ጎን ለጥጦታል» አለ ቬስኮ። «ሲታተም ትክክለኛው ይወጣል። ቀጭኑ።»

ራይና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያን አፍ እንዲበላ ስንት ወር በማንኪያ ለምናዋለች።

«እንዲህ እንዳለ አይታተምም?»

«ይታተማል። ግን እሱን አይመስልም፣ እማማ። ሰው አያውቀውም።»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ቬስኮ እጁን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«ትንሽ ይቆይ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ገና አሁን ነው የጠገበው።»