የረፋድ ቃጠሎ

ሰፈራ መንደሩ ከሸሕዲ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ በሁለት ኮረብታዎች መካከል ረባዳ ላይ ነው የተቆረቆረው። ቦታውን የመረጡት ሰዎች ውሃ ቅርብ ነው ብለው ነበር፤ ውሃውስ በእርግጥ ቅርብ ነው። ስለ አየሩ ግን ያሰበ አልነበረም።

አምባው የምንጣሮው ቡድን መሪ ነበር። በወጣትነቱ ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ባልንጀሮቹ ወዳገራቸው ሲመለሱ እሱ ዙፋንን አገባና እዚያው ቆላ ቀረ። በ1975 መንደሩ ሲቋቋም ከሰፋሪዎቹ ሁሉ አገሩን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ፣ የማቃጠሉ ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ከጥር ጀምሮ አባሎና ወይባ የሚባለው ዛፍ ይቆረጣል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ ሲደርቅ ይቃጠላል፤ ክረምት ሲገባ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራበታል።

በመጀመሪያው ዓመት ከቀትር በኋላ የለኮሱት እሳት ነፋስ አገኘውና አመለጠ። ዘጠኝ ጎጆ ነደደ። ቢሻው የሚባል የአምባው የልብ ወዳጅ የታሰሩ በሬዎች ልፈታ ብሎ ገብቶ አልወጣም። አምባው ሬሳውን በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ ተሸክሞ ቀበረው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጣ፤ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ገና ሲነጋጋ ካልሆነ እሳት አይለኮስም። አራት ዓመት ሙሉ አንድ እሳት አላመለጠውም። ሰዉ አምባው ካለ ተኝቶ ማደር ነው ይል ነበር።

በ1979 የካቲት ላይ ምንጣሮው ከመንደሩ አፋፍ ደረሰ። በዚያው ሰሞን ዙፋን ታመመች።

ድሮም ደረቷ ጠንካራ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ጧት ጧት ትንፋሿ ሲር ሲር እያለ ያፏጭ ጀመር። ጋደም ማለት ስላቃታት ከግድግዳው ተደግፋ ቁጭ ብላ ትቆያለች። አምባው ብርድ ነው አለ፤ ቀጥሎም ምች ነው አለ። ቅጠል ጨምቆ አጠጣት። አንድ ቀን ከንፈሯ ሲጠቁር ሲያይ ግን ደነገጠና፣ ሙጫና ሰሊጥ ሊገዛ የሚመጣውን ጀይሉን ለመነው። ጀይሉ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ፣ ሽማግሌ፣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ያለው ሰው ነው። ዙፋንን ከሹፌሩ አጠገብ አስቀመጧትና ሁለቱ ወንዶች ከጭነቱ ላይ ወጡ።

መኪናው ኮረብታውን ሲጨርስ ጀይሉ ወደ ኋላ ዞሮ መንደሩን አየ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ጧት ወደ እናንተ አንወርድም» አለ። «እዚህ አናት ላይ መኪናውን አቁመን እስኪረፍድ እንጠብቃለን። ዱኻኑ አያስገባም።» ዱኻን የሚለው ጭሱን ነው፤ ከድንበሩ ማዶ የተማረው ቃል ነው።

«ጭስ የቆላ ሰው መቼም አይለየው፣ አባ ጀይሉ» አለ አምባው።

«እሱስ አይለየው። ግን ሚስትህ ውስጡ ነው ያለችው። አንተ ከእሳቱ በላይ፣ ከአፋፉ ትቆማለህ።»

ነገሩ አምባውን ትንሽ ቆረቆረው፤ ከመኪናው መንገጫገጭ ጋር ግን ወዲያው ረሳው።

ሸሕዲ ላይ ክሊኒኩ ውስጥ ረቢዓ የምትባል ጤና ረዳት ተቀበለቻቸው። ደረቷን አዳመጠች፣ ኪኒን ሰጠች፣ ሦስት ቀን እዚሁ ቆዩ አለቻቸው። ከአንድ የጀይሉ ዘመድ ቤት አረፉ። በሁለተኛው ሌሊት ዙፋን ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ጧት ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አምባው እንደ ሙሽራ ቆሞ አያት።

«መድኃኒቱ ፍቱን ነው» አላት ለረቢዓ።

«መድኃኒቱ ትንሽ ረድቷል» አለች ረቢዓ። «በሦስት ቀን እንዲህ የሚያደርግ መድኃኒት ግን እኔ ዘንድ የለም። ይልቅስ ቤታችሁ ያለው፣ እዚህ የሌለው ነገር ምንድን ነው?» የጠየቀችው ዙፋንን ነበር።

ዙፋን ባሏን ቀና ብላ አየችና መልሳ መሬት መሬት አየች። ያኔ ነው ለአምባው የጀይሉ ነገር የገባው።

ወደ ማረፊያቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ?» አለች። «ከቢሻው ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየተነሣህ ነፋሱን ስታዳምጥ አይሃለሁ። ንጋቱ ነው የሚያረጋጋህ። እሱን ከወሰድሁብህ ምን ይቀርሃል? ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። የጎረቤታችን የአገኘሽ ሕፃን ሌሊቱን ሲስል ያድራል። ሽማግሌዎቹ ጧት ከቤት አይወጡም። ሁሉም ያውቃል፤ ያንተን ፊት እያየ ነው ዝም የሚለው።»

አምባው ዞሮ መንገዱን ቀጠለ። አራት ዓመት ያከበሩት መስሎት፣ ለካ እያዘኑለት ኖሯል።

መንደር በገቡ ማግሥት፣ ምክትሉን ዋሴን «ዛሬ አንተ ለኩስ» አለውና በጨለማ ኮረብታው ላይ ወጣ። ዋሴ ገና ሲነጋጋ ለኮሰ። አምባው ጭስን ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ከላይ ሆኖ ግን አይቶት አያውቅም። ጭሱ ወደ ሰማይ አልወጣም። የሰው ቁመት ሁለት ሦስት ያህል ከፍ አለና፣ የሆነ ነገር የከደነው ይመስል ተኛ፤ ከዚያ እንደ ጎርፍ ውሃ ዝቅ ዝቅ እያለ ወደ ረባዳው ወረደ። መጀመሪያ በረቶቹ ጠፉ። ቀጥሎ ታችኞቹ ጎጆዎች፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ በመጨረሻ የራሱ ቤት። ውሻ ሲጮህ፣ ሴት ልጇን ስትጠራ፣ ሰው ሲስል ይሰማል፤ የሚታይ ግን የለም። እሳቱ ዘንድ የቆሙት የዋሴ ሰዎች ንጹሕ አየር ላይ ሆነው ይቀላለዳሉ።

ፀሐይ እየሞቀች ሄደች። አራት ሰዓት ሲሆን ጭሱ ከዳር ዳር ላላ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ብትን ብሎ ጠፋ። አምባው ያችን የጠራች ሰዓት በልቡ ያዘና ወረደ።

የመንደሩ ሊቀመንበር እንግዳው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከእንግዲህ ጧት መለኮስ ይቅር» አለ አምባው። «ስድስት ሰዓት ላይ እናቃጥል።»

«ጧት ካልሆነ አይሆንም ያልኸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ቢሻውን ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም። እሱን እያየሁ ነው ሌላውን ሳላይ የኖርሁት።» ከኮረብታው ያየውን ሁሉ ነገረው።

እንግዳው ወረቀቱን ወደ አምባው አዞረ። «ዕቅዳችን እስከ መጋቢት መጨረሻ ስድሳ ሄክታር ነው» አለ። «እሳቱ ቢያመልጥ ነፋስ ነው የሚልህ የለም። አሻጥር ነው የሚባለው። የሚጠየቀውም አንተ ብቻ አይደለህም።»

«ኃላፊነቱን በእኔ ይጻፉት። እፈርማለሁ።»

ፈረመ። ሦስት ቀን ሙሉ በምንጣሮውና በመንደሩ መካከል ያለውን ጥርጊያ፣ ማለት ሣሩ እስከ አፈሩ ተፍቆ እሳት የማይሻገረውን ባዶ መስመር፣ እጥፍ አድርገው አሰፉት። ሰዎቹ አጉረመረሙ፤ ፀሐይዋ የምትበላበት ወቅት ነው። በአራተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አምባው ክብሪቱን ጫረ። ሁለቱ እንጨት ከእጁ ወደቀ፤ በሦስተኛው ለኮሰ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ወጥቶ ወጥቶ ከፍ ካለ በኋላ ተበተነ። ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጥተው እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው ያዩት ነበር።

ግማሹ ነድዶ እንዳለቀ፣ ከየት መጣ ሳይባል አዙሪት ነፋስ ተነሣ። አመዱንና ፍሙን አንሥቶ በጥርጊያው ላይ አሻገረና በአገዳው ክምር ላይ ዘራው። የመንደሩ በሬዎች ሁሉ እስከ ዝናብ የሚበሉት አገዳ ነው። አምባው ወደ ክምሩ አልሮጠም፤ ወደ ቤቶቹ ሮጠ። «ሰው ቁጠሩ! ሰው ቁጠሩ!» እያለ ከጎጆ ጎጆ ዞረ። ቅንድቡ ተለበለበ። ዋሴና ሰዎቹ በእርጥብ ቅጠል እየደበደቡ እሳቱን ከበረቶቹ መለሱት። ሰው አልተነካም። አገዳው ግን አንድ ነዶ ሳይቀር ዐመድ ሆነ።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ።

«በሬዎቻችን ምን ሊበሉ ነው?» አለ አንዱ። ሌላው «ጧት ሲቃጠል ምን ጎደለብን?» አለ። አምባው ከፊት ቆሞ ሁሉንም ሰማ፤ እውነታቸውን ነበር።

አገኘሽ ሕፃኗን እንዳዘለች ተነሣች። ከወሎ የመጣች፣ በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። «ምን ጎደለ ላላችሁት፣ እኔ እነግራችኋለሁ» አለች። «ይሄ ልጅ ወር ሙሉ ሲስል ነው የሚያድረው። ዛሬ ሌሊት ተኛ። አልነቃም። ሞተ ብዬ ደንግጬ እኔ ነኝ የቀሰቀስሁት።» ተቀመጠች።

እንግዳው ወደ አምባው ዞረ። «የምትለው አለህ?»

«አለኝ» አለ አምባው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከኮረብታው ስድስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲጠራ አየሁና ያንን ወደድሁት። ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ዘለልሁ። በመካከሉ ያለውን ግን አይቼው ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ጭሱ መነሣት ይጀምራል፤ ነፋሱ ግን እስከ አምስት ተኩል አይነሣም። በዚያች ሰዓት ተኩል ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየለኮስን ብናጠፋ ይሆናል።»

«በሰዓት ተኩል ምን ያህል ይቃጠላል?»

«ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም።»

ሁሉም ሒሳቡ ገባው። በግማሽ ሄክታር ስድሳ አይሞላም። እንግዳው እርሳሱን በጣቱ መካከል እያንከባለለ ቆየ።

«እንደዚያ ይሁን» አለ። «ቡድኑን ከዛሬ ጀምሮ ዋሴ ይምራ። አምባው ዝናብ እስኪገባ ድረስ ከወንዝ ማዶ ሣር እያጨደ በሬዎቹን ያብላ።»

እንደተባለው ሆነ። ዋሴ በየረፋዱ ትንሽ ትንሽ አቃጠለ። ጭሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ አንዳንድ ቀን ከሌሎች እርሻዎችና ከሱዳኗ ገላባት ማዶ የሚመጣው ሰማዩን ቢጫ ያደርገው ነበር፤ እሱን ማንም ሊያዝዘው አይችልም። የዙፋንም ሳል አልለቀቃትም፤ ነገር ግን ጋደም ብላ ማደር ቻለች። በመጋቢት መጨረሻ ሲለካ የተመነጠረው ሠላሳ አንድ ሄክታር ሆነ። አምባው ቀን ከሌት ሣር ቢሸከምም በሬዎቹ ከሱ፤ አንደኛው በሚያዝያ ሞተ። የሟቹ በሬ ባለቤት እስከ ዛሬ ድረስ ሰላምታው ለአምባው ቀዝቃዛ ነው፤ አምባውም አይቀየመውም።

ግንቦት ላይ እንግዳው ከሊቀመንበርነቱ ተነሣ። አምባው የሣር ሸክሙን ይዞ ሲመለስ፣ እንግዳው ከመንገዱ ዳር በእንጨት ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ የጀይሉን መኪና ሲጠብቅ አገኘው። ሸክሙን አውርዶ አጠገቡ ቆመ።

«ግማሽ ዕቅድ ብለው ጻፉብኝ» አለ እንግዳው። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ፈርሜ ነበር እኮ፣ ጓድ እንግዳው። እኔን ሊሰጧቸው ይችሉ ነበር።»

«ወረቀቷን ቀደድኋት።»

«ለምን?» አለ አምባው።

እንግዳው ወደ ረባዳው፣ ወደ ጎጆዎቹ አየ። «እኔም እኮ እዚያው ነበር የምተኛው» አለ። «አንተ ያላየኸው እሳቱ ዘንድ ሆነህ ነው። እኔ ግን በየጧቱ ስስል እየነቃሁ፣ ዕቅዱን አስቤ ዝም አልሁ። ቀድሞ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

መኪናው መጣ። አምባው ሣጥኑን አንሥቶ ከጭነቱ ላይ አወጣውና በገመድ አጥብቆ አሰረው። ከጀይሉ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ። መኪናው ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አምባው ቆሞ አየው፤ ከዚያ በሬዎቹ ገና ስላልበሉ ሸክሙን አንሥቶ ወደ በረቱ ወረደ።