ስምንት መቶ ግራም

ሩዪፌን ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ጫማዋን አወለቀች፤ ሹራቧንና የጆሮ ጌጧን፣ የፀጉር ማስያዣዋን ሳይቀር አውልቃ ለባሏ አስያዘችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሚዛን ላይ የወጣችው እንዲህ ነው። ትንፋሿንም ለቀቀች።

ወጣቱ ዶክተር ሊያው ቁጥሩን አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ፊቱ ጠወለገ።

“እትዬ፣ ምን ነካዎት?”

“ምን ነካኝ?”

“ስልሳ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ! በዚህ ቁመትዎ ሰባ ኪሎ ካልሞሉ ከመጠን በላይ ወፍራም አይባሉም። ጥናቱ ደግሞ የወፍራሞች ነው።”

“እስቲ ድገመው፣ ልጄ።”

“ወፍራም አይባሉም።”

“ጮክ በል፤ ባለቤቴ ጆሮው ይከብደዋል።”

ባሏ ማኦገን ጆሮው እንደ ጥንቸል ስል ነበር።

ሩዪፌን የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። በቻይናዋ ናንቻንግ ከተማ፣ ገበያ ጥግ አንዲት የስፌት መኪና ይዛ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ ወገብ ታሰፋለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዐይኗ በርበሬ እንደተነሰነሰበት ይቃጠል ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት ይጣበቃል፤ የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ይታያታል። አንዴ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ዚፕ በስተኋላ ሰፍታ ለጥቂት ነው ከጉድ የተረፈችው። ሆስፒታል ስትሄድ በዐይን ቆቧ ውስጥ ያሉ ቅባት የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተደፍነዋል አሏት። ዶክተር ሊያው የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ወፍራም ሆኖ የዐይን ቆቡ ዕጢ የታመመ። የእንዲህ ያሉ ሰዎችን አንጎል በትልቅ ማሽን ፎቶ ሊያነሳ ነው። ለሚሳተፍ ሰው አሥር ጊዜ የዕጢ ሕክምና በነፃ ይሰጣል።

ስትመዘገብ ሰባ ስድስት ኪሎ ነበረች። ከዚያ ማሽኑ ተበላሸና ቀጠሮው ሁለት ወር ተራዘመ። ዶክተሩ እስከዚያው ብሎ አንድ ወረቀት ሰጣት፦ ቅባት ይቀንሱ፣ በእግር ይሂዱ፣ ጠዋትና ማታ ሙቅ ፎጣ ዐይንዎ ላይ ያድርጉ።

“ወረቀቱን እኮ ሁሉም ይወስደዋል” አለ አሁን ዶክተሩ በምሬት። “የሚፈጽመው ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።”

“ጥፋቱ የኔ ነው በለኛ!”

“ሃያ ዘጠኝ ሰው አንስቻለሁ። ሠላሳኛዋ እርስዎ ነበሩ። ማሽኑም ለኛ የተያዘው እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው።”

ማኦገን በጣቱ ሲያሰላ ቆይቶ ድንገት ተነሳ። “የጎደለው ስምንት መቶ ግራም ነው አይደል? ሁለት ማሰሮ ሾርባ እኮ ነው!” ከሆስፒታሉ ማዶ የሾርባ ቤት ነበር።

“ሾርባ ስብ አይደለም” አለ ዶክተሩ ደከም ባለ ድምፅ።

“ሚዛኑ ምን ያውቃል?” ብሎት የሚስቱን ጫማ እንደያዘ ወጥቶ ሮጠ።

ዶክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሩዪፌን በባዶ እግሯ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“ማሽኑ ውስጥ ምንድን ነው የሚያሠሩኝ?”

“ምንም። ዐይንዎን ይጨፍናሉ፤ ግን አይተኙም። ምንም ነገር አያስቡም።”

“ምንም? ባለትዳር ነኝ እኮ፣ ልጄ።”

ዶክተሩ ሳቁን ዋጠ። “ቀንም ሌትም የሚቆረቁር ዐይን አንጎልንም ሳይነካ አይቀርም ብለን ነው። የቱ ክፍል ከልክ በላይ እንደሚሠራ፣ የቱ እንደሚሰንፍ እናያለን።”

“ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ማኦገን ላይ የጮህኩት ከዐይኔ የተነሳ ነው?”

“እንደዚያ አላልኩም፤ ገና አናውቅም።”

“በል እሱ ፊት እንዳታነሳው።”

ማኦገን ሁለት ትንንሽ የሸክላ ማሰሮ አቅፎ እያለከለከ ተመለሰ። ክዳኑን ሲያነሳው የጎድን አጥንትና ሎተስ የተባለው የውሃ አበባ ሥር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሁለት ወር ሙሉ ሌላው ሲጠጣ ያየችው ሾርባ ነው። እፍ እፍ ብሎ አቀዘቀዘላት።

“ጨልጪውና ሚዛኑ ላይ ውጪ።” ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ዐይንሽ ነው፣ ሩዪ። ዕድሉ አይለፍሽ።”

ጠዋት ጠዋት ፎጣውን አሙቆ የሚያመጣላት እሱ ነው። ማሰሮውን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከንፈሯ ሲነካው ግን ገታችው። ዛሬ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በሦስተኛው ሙከራ አሹልካዋለች፤ የዛሬ ሁለት ወር በአሥረኛውም አይገባላትም ነበር። በእግር ሄዳ፣ ተርባ፣ አልቅሳ የጣለችውን ሥጋ አሁን በሾርባ ልትዋሽበት? ይህ ምስኪን ልጅስ በውሸት ኪሎ የማንን አንጎል ሊያጠና ነው?

ማሰሮውን ዶክተሩ እጅ ላይ አኖረችው።

“አንተ ጠጣው። ንፋስ የሚወስድህ ትመስላለህ።”

“ሠላሳኛው ሰውስ?” አለ ዶክተሩ።

ሩዪፌን ወደ ባሏ ዞረች። “እህትህ ጂንሹ ዐይኔ ተቃጠለ ስትል አልነበር?”

ማኦገን ደነገጠ። ጂንሹ በየበዓሉ ሰው ፊት “ለሩዪፌን ጠንካራውን ወንበር ስጧት” የምትል ሴት ናት፤ የራሷ ወንበር ከሥሯ ሲንቋቋ ግን ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

“መጀመሪያ እኔ መመርመር አለብኝ” አለ ዶክተሩ፣ ዐይኑ ግን በርቷል።

ሩዪፌን ደወለች። ሃያ ዓመት የተጠራቀመ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ጂንሹ “ምን ፈለግሽ?” ስትላት ግን ዋጠችው።

“ዐይንሽን በነፃ የሚያክም ዶክተር አግኝቼልሻለሁ። ሆስፒታል ነኝ፤ ታክሲ ይዘሽ አሁኑኑ ነይ” ብላት ስልኩን ዘጋች።

“ወፍራም ሰው ፈልገው እንደሆነ አልነገርሻትም እኮ” አለ ማኦገን።

“ሚዛኑ ይንገራት” አለችና ጫማዋን ከእጁ ተቀብላ አጠለቀች፤ ከዚያም ከፍለው ከሚታከሙት ሰልፍ መጨረሻ ሄዳ ቆመች።